የአፍ ደም

ባዩ ሲሞት ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ቆመው ያዩት ነበር፤ ከእነሱም ሦስት አራቱ አጨበጨቡለት።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በጉና ግርጌ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ሰዎች የሚቀርጹት ፊልም ተኩስ፣ ድብድብና የመኪና ሩጫ የበዛበት ነበር፤ በዚያን ቀን ጀግናው ደረቱን ተመትቶ፣ ከአፉ ደም እየተፋ ቁልቁለቱን የሚንከባለልበት ተራ ደርሷል። የተንከባለለው ግን ጀግናው አይደለም፣ የደብረ ታቦሩ ልጅ ባዩ ነው። ሥራው በዋናው ተዋናይ በይሻው ፈንታ መዝለል፣ መመታትና መውደቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ተንከባለለ። ከመጀመሪያው በኋላ «ሆዴን» አለ። ከሁለተኛው በኋላ ላብ አጠመቀው፣ ዓይኑም ጭጋግ ሆነበት። ዳይሬክተሩ ጌጡ «አንዴ ብቻ፣ ፀሐይዋ ሳትሸሸን» አለው። በሦስተኛው ከታች በተነጠፈለት ፍራሽ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ ያጨበጨቡት ሰዎች ትወና መስሏቸው ነው።

ኢንስፔክተር ጥሩወርቅ ስትደርስ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኗል። ጥሩወርቅ ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት የኖረች፣ ስትናደድ ድምፅዋ ከፍ ከማለት ይልቅ ዝቅ የሚል ሴት ነች። የሚያውቋት ሰዎች ስትጮህ አይፈሯትም፤ የሚፈሯት ጆሯቸውን አስጠግተው መስማት ሲጀምሩ ነው።

አለቃዋ ኮማንደር ሙላቴ ቀድሟት ደርሶ ነበር።

«ገዳይዋ ተይዛ ወደ ከተማ ሄዳለች» አላት። «የሜካፕ ባለሙያዋ ነጅሚያ ናት። ልጁ በአፉ የያዘውን የውሸት ደም የበጠበጠችው እሷ ነች። ማርና ቀይ ቀለም ነው ትላለች። እስቲ ጠርሙሱን አሽትቺው።»

አሸተተችው። ከላይ ቅርንፉድ ይሸታል። ከቅርንፉዱ ሥር ያለውን ሽታ ግን ጥሩወርቅ በገጠር ቤቶች ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አሽትታዋለች። የተባይ መድኃኒት ነው።

«ቅርንፉድ» አለ ኮማንደሩ። «አባቷ ይማም ምን እንደሚነግድ ታውቂያለሽ።»

«ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ቅርንፉድ። ቅርንፉድ እኔም ቤት አለ፣ እርስዎም ቤት አለ። እንታሰር?»

«ጥሩወርቅ፣ ሕዝቡ ተቆጥቷል። ነገ ልጁ ሲቀበር ገዳዩ አልታወቀም ብዬ ልቆም ነው? የፊልሙ ሰዎችም ነገ አራት ሰዓት ላይ ይሄዳሉ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ መዝገቡ በልጅቷ ስም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።»

ጥሩወርቅ ወደ ጣቢያው ስትመለስ የሰማችው ደግሞ አንጀቷን አቃጠለው። ነጅሚያን የያዘው መኪና በቅዳሜ ገበያ ግርግር ማለፍ ስላቃተው፣ ፖሊሶቹ አውርደው በካቴና እንደታሰረች በሰው መሐል በእግሯ ነድተዋታል። በአባቷ ሱቅ በር በኩል ነው ያለፉት። አንድ ሰው «ነፍሰ ገዳይ» ብሎ ሲጀምር ሌላው ተቀበለው፤ ጣቢያ እስክትደርስ የገበያው ሰው ሁሉ ፈርዶባት ነበር።

ነጅሚያ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ጣቶቿ ላይ የደረቀውን ቀይ ቀለም ትፈገፍጋለች። አላለቀሰችም።

«ጠርሙሱን ለማን አዘጋጀሽው?»

«ለይሻው። ስሙን በፕላስተር ላይ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። እኔ ሁለት ዓይነት ደም ነው የምሠራው፤ የአፍ ደምና የልብስ ደም። የአፉ ማር ነው። የልብሱ ዝም ብሎ ቀለም ነው፣ አይቀመስም። ለባዩ የምሠራለት የልብስ ደም ብቻ ነው።»

«የአፍ ደም ለምን አልሠራሽለትም?»

«ምን ያደርግለታል? ባዩ የሚቀረጸው ከኋላ ነው። ፊቱ አይታይም።»

«ጠዋት ቀምሰሽው ነበር?»

«ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ሁለት ሰዓት ላይ በጣቴ ቀምሼ ለይሻው በእጁ ሰጠሁት፤ ፕሮዲዩሰሯ ገነት አጠገቤ ነበረች። ቅርንፉድ የሚባል ነገር አልነበረበትም።»

«ታዲያ እንዴት ባዩ አፍ ገባ?»

«አምስት ሰዓት ላይ ሊቀረጽ ሲል ይሻው እምቢ አለ። ጽጌን እየጾምኩ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአፌ ምንም አላስገባም አለ። ማር እኮ ነው ቢሉት አሻፈረኝ አለ። ጠርሙሱን ከቦርሳው አወጣና ባዩ ይያዝልኝ፣ ካሜራው ከጎን ያንሳው አለ። ጌጡ ተሳደበ፤ ግን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።»

«ባዩስ ምን አለ?»

«ምንም። ይሻውን አየት አድርጎ ሳቀና ተቀበለው።»

«ምን አሳቀው?»

«እንጃ። የእናንተን የጾም ሥርዓት እኔ በምን አውቄው።» ከዚያ ቀና አለች። «አባቴ ሚዛኑን በእጁ እንደያዘ አየኝ። ስኳር እየመዘነ ነበር። ገዢው ስኳሩን ሳይወስድ ጥሎት ሄደ።»

ጥሩወርቅ በሩን ከፍታ ወጣች።

የፊልሙ ሰዎች ያረፉበት ሆቴል ደጅ ላይ ዕቃ ይጫናል። ጌጡ ሲጋራውን እያጨሰ ካሜራ ሲታሸግ ይቆጣጠራል። ቁመተ ረጅም፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነው።

«ጠርሙሱን ነክተኸዋል?» አለችው።

«ሦስት ሰዓት ላይ ቀለሙን በፀሐይ ለማየት ከይሻው ቦርሳ አውጥቼ መልሻለሁ። አልከፈትኩትም። ኢንስፔክተር፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ስሙ የተጻፈበት ጠርሙስ ነው፤ ሊገድሉ የፈለጉት ይሻውን ነው።»

«ከባዩ ጋር ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ከከፍታው ዝቅ አድርግልኝ አለ፤ አላደርግም አልኩት። በዚህ ሰው አይገደልም።» ትንሽ አመነታ። «ሦስተኛው ቀረጻ ያለበትን ካርድ ወስዳችሁብናል። መቼ ይመለስልናል?»

«ምን ልታደርጉበት?»

«ለፊልሙ ነዋ። እንደዚያ ያለ አወዳደቅ ዳግመኛ አይገኝም።»

ጥሩወርቅ ሲጋራውን ከጣቱ ተቀብላ መሬት ላይ ረገጠችው። «ልጁ እየሞተ ነበር» አለች፣ ጌጡ አንገቱን አዘንብሎ መስማት እስኪኖርበት በቀስታ። «ሆዴን ብሎህ ነበር።»

ፕሮዲዩሰሯ ገነት ስልኳን ከጆሮዋ ሳታወርድ ተቀበለቻት። ጠዋት ብርዱን ሸሽታ የይሻው ቦርሳ በነበረበት መኪና ውስጥ መቀመጧን አልካደችም።

«ግን ይሻው ቢሞት የምጠፋው እኔ ነኝ። ገና ሠላሳ ሁለት ትዕይንት ይቀረዋል። ያለ እሱ ፊልም የለም።»

«መጾሙን ታውቂ ነበር?»

«ዛሬ ነው የሰማሁት። ጾመኛው ባዩ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ምሳው እየተቀመጠለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሚበላው። ይሻው እንደውም ባለፈው ምንድን ነው ነገሩ ብሎ ሲጠይቀው ነበር።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

ገነት ግራ ተጋብታ የቀረጻውን ፕሮግራም ገለጠች። ወረቀቱ ላይ ‹ቀን 17› ይላል። ሌላ ምንም አይልም። «እኛ እኮ ዕረፍት የለንም፣ ቀን የምንቆጥረው በዚህ ነው» አለች።

ይሻው ክፍሉ ውስጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። መልኩ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያየችው ነው፤ በአካል ሲያዩት አጠር ይላል።

«ያተረፈኝ ጾሜ ነው» አላት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ያ መርዝ ለእኔ የተዘጋጀ ነው። የሚቀናብኝ ሰው ሞልቷል። ባዩን ደግሞ እንደ ወንድሜ ነበር የማየው።»

«ጽጌ የፈቃድ ጾም ናት። ብዙ ሰው አይጾማትም።»

«እኔ አጥብቄ ነው የምጾማት። ሰው እንዲያውቅብኝ ስለማልፈልግ አልናገርም።»

«መልካም» አለች ጥሩወርቅ። ስትወርድ ወደ ወጥ ቤቱ ጎራ ብላ ከአስተናጋጇ ጋር ጥቂት ተነጋገረች።

የባዩ እናት ወይዘሮ ሠናይት ቤት ድንኳን ተተክሏል። ጥሩወርቅ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ እንደ ሌላው ሰው አለቀሰች፤ የለቅሶው ድምፅ ሲበርድ ወይዘሮ ሠናይት ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡ።

«ጠዋት ሲወጣ ደህና ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ምን ይሆናል፣ ልጄ? እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ጽጌን ሳይጾም ቀርቶ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሲውል ከስቶብኝ፣ ጎሽ ዛሬስ ጠግበህ ውጣ ብዬ ሽሮዬን ገና በጠዋት አበላሁት። ሁለት ጊዜ አስጨመረኝ።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ደስ ብሎት ነው የወጣ። ሰኞ ሐሙሲት እሄዳለሁ አለኝ።»

«ሐሙሲት ምን ሊያደርግ?»

«ፖሊስ ዘንድ ነዋ። ከሁለት ሳምንት በፊት የፊልሙ ሰዎች ወንዛዬ ፍል ውሃው ዘንድ መኪና ሲያበሩ አንዲት የልጆች እናት ገጭተዋል። እግሯን ቆረጡት አሉ። አለቃቸው ሴትዮዋ ነጂው ባዩ ነው ብላ አስፈረመችው፤ እሱም እሺ አለ፣ እንጀራዬ ነው ብሎ። በኋላ ሴቲቱን ሊጠይቅ ቢሄድ ልጆቿን አየ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። መሪውን የያዘ እኔ አይደለሁም፣ እውነቱን እናገራለሁ አለኝ።»

«ማን ነው የነዳው?»

«ስም አልጠራልኝም። ነውር መስሎት ይሆናል። ነግሬዋለሁ፣ ሳልነግረው ከኋላው አልሄድበትም ነው ያለኝ።»

«ሽሮውን ስንት ሰዓት ላይ ነው ያበሉት?» አለች ጥሩወርቅ።

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ቅዳሜ አይደል እንዴ።»

ጥሩወርቅ ተነሥታ የሴትዮዋን ጉልበት ሳመች።

በማግሥቱ እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በሆቴሉ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ጌጡ ሰዓቱን ያያል። ገነት ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ አስቀምጣለች። ይሻው ጥቁር ለብሷል። ኮማንደር ሙላቴ በሩ ላይ ቆሟል። ነጅሚያን ደግሞ ጥሩወርቅ ራሷ አስመጥታ፣ ካቴናው ሳይፈታላት፣ ከሁሉም ፊት ለፊት አስቀመጠቻት።

«ከጠርሙሱ ልጀምር» አለች። «ነጅሚያ ሁለት ሰዓት ላይ ቀምሳዋለች። ገነት፣ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ቀምሳ አልሞተችም። መርዙም ሽታውን እንዲሸፍን የተጨመረው ቅርንፉድም የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጠርሙሱ ይሻው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ ነጅሚያ ወደ መኪናው አልቀረበችም። የቀረባችሁ ሦስት ናችሁ። ጌጡ ቀለሙን ለማየት፣ ገነት ብርዱን ሸሽታ፣ ይሻው ደግሞ ቦርሳው የራሱ ስለሆነ።»

«መርዙ እኮ ለእኔ ነበር» አለ ይሻው።

«እሱን እንየው። ጌጡና ገነት አንተን ቢገድሉ ፊልማቸውን ነው የሚገድሉት። ሠላሳ ሁለት ትዕይንት ይቀርሃል። ቢጠሉህ እንኳ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቁ ነበር። እሺ፣ ለባዩ ነው እንበል። ባዩን መግደል የፈለገ ሰው ለምን በአንተ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራል? ባዩ ከኋላ ነው የሚቀረጸው፣ የአፍ ደም ይዞ አያውቅም። እናንተ ዘንድ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ሲሰበር ፊቱን የፈለገው ሰው አልነበረም።»

ድምፅዋ ዝቅ እያለ መጣ። ኮማንደር ሙላቴ ከበሩ ሁለት እርምጃ ቀረብ አለ።

«ስለዚህ ያንን ጠርሙስ ባዩ እንደሚይዘው ጠዋት ላይ ሊያውቅ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ራሱ አልይዝም ብሎ የሚሰጠው ሰው።»

«እኔ እምቢ ያልኩት በጾሜ ምክንያት ነው» አለ ይሻው። «ሃይማኖቴን ነው የምትጠይቂኝ?»

«አዎ፣ እሱን ነው የምጠይቅህ። ትናንት ቀኑ ምን ነበር?»

«ቀን አሥራ ሰባት።»

«ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜና እሑድ በጾም ወቅት ሥጋና ወተት ይቀራል እንጂ እህል ውሃ አይከለከልም። ለፋሲካ ዋዜማ ካልሆነ በቀር ቅዳሜን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን የለም፤ ሥርዓቱም አይፈቅድም። ይህን በደብረ ታቦር ቄሱም፣ ገበሬውም፣ ሕፃኑም ያውቃል። ባዩ ሽሮውን በልቶ ነው የመጣው። አንተ ሳምንቱን ሙሉ እሱ ሲያደርግ ያየኸውን ነው የቀዳኸው፤ ግን እናንተ ቀን አትቆጥሩም፣ ቁጥር ነው የምትቆጥሩት፤ ቅዳሜ መግባቱን አላየህም። ባዩ ሳቀብህ። መጾም የማያውቅ ሰው ሊጾም ሞከረ ብሎ ነው የሳቀው። ክፋት ቢጠረጥርህ አፉ ውስጥ አይከተውም ነበር።»

ይሻው ከንፈሩን ላሰ። «እኔ ከሌላው አብልጬ ነው የምጾመው። ንስሐ አባቴ ናቸው ያዘዙኝ።»

«ስማቸውን ንገረኝ። እዚሁ እንደውልላቸው።»

ይሻው ስም አልጠራም።

«ትናንት ወጥ ቤት ጠይቄያለሁ» አለች ጥሩወርቅ። «ዓርብ ጠዋት ክፍልህ ድረስ የወጣልህ ቁርስ እንቁላል ነው። የጽጌ ዓርብ ላይ እንቁላል የበላ ሰው ቅዳሜ ማር አልቀምስም አለ። ምክንያቱንም ወንዛዬ ላይ እግሯን ያጣችው ሴት ታውቀዋለች። መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ። የአደጋው ወረቀት ላይ የባዩን ስም የጻፍሽው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ገነት፤ አንቺም ከዚህ አትሄጂም። ሰኞ ባዩ እውነቱን ሊናገር ነበር። ሰው ከኋላ መውጋት ስለማይሆንለት ቀድሞ ለአንተ ነገረህ።»

ገነት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጌጡ ይሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ሰው አፍጥጦ ያየዋል።

«አራት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል» አለ ይሻው በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ ያለው ሐዘን አልነበረም፤ ቅሬታ ነበር። «አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ምን ነበረበት ያንንም ቢሸከምልኝ?»

ጥሩወርቅ ልትመታው እጇ ተነሥቶ ነበር። መለሰችው። «ውሰዱት» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሰሙት አጠገቧ የነበሩት ብቻ ናቸው።

ይሻው ከወጣ በኋላ ኮማንደር ሙላቴ ቁልፉን አውጥቶ የነጅሚያን ካቴና ፈታ። «በቃ፣ ነፃ ነሽ» አላት። «ሰው ሳያይሽ በጓሮ በር በኩል መኪና አዘጋጅቼልሻለሁ። ቤትሽ ያደርስሻል።»

ነጅሚያ የእጇን አንጓ እያሻሸች ተቀምጣ ቀረች። «በጓሮ አልሄድም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስታስሩኝ በገበያ መሐል፣ በእግሬ፣ በሰው ፊት ነው የወሰዳችሁኝ። አሁንም በዚያው መንገድ በእግሬ መልሱኝ። ፖሊስ ሲወስደኝ ያየ ሰው ሁሉ፣ ፖሊስ ሲመልሰኝም ይየኝ። እርስዎ ራስዎ ይምጡ።»

«ልጄ፣ ዛሬ ሥራ አለብኝ፤ ቀብርም አለ…»

«ኮማንደር» አለች ጥሩወርቅ። ድምፅዋ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር፤ ኮማንደሩም ሃያ ስድስት ዓመቷን ያውቃል።

ሦስቱም በፊት ለፊቱ በር ወጡ። ቅዳሴ ወጥቶ መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ሰው ቆመ። ትናንት የተሳደበው ዛሬ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ፤ አንዳንዱ ግን ገና ሊጀምር አፉን ሲከፍት ኮማንደር ሙላቴ ቆመና፣ ጎሮሮውን ጠርጎ፣ «ይህች ልጅ ንጹሕ ናት። ያሰርናት በስህተት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው» አለ። በመጀመሪያው መታጠፊያ ሲለው ድምፁ ይሰበር ነበር። በሦስተኛው ላይ ለመደው።

ይማም ከሱቁ ደጃፍ ወጥቶ ቆሞ ነበር። ልጁን አቀፋት፣ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ አያት፤ ከዚያ ወደ ኮማንደሩ ዞረ። ኮማንደሩ ቃሉን ለአራተኛ ጊዜ ሊደግም ሲል ይማም በእጁ አስቆመው።

«እኔስ ልጄን አውቃታለሁ» አለ። «እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። የሠናይት ቤትና የእኔ ቤት አጥር ነው የሚለያቸው። ባዩ በዚህ ሱቅ ከረሜላ ሲለቅም ነው ያደገ። ከትናንት ጀምሮ ለቅሶው በግድግዳ በኩል ይሰማኛል፣ ገብቼ ማልቀስ ግን አልቻልኩም። የገዳይ አባት ተብዬ በየት በኩል ልግባ?»

የሱቁን በር ስቦ ዘጋ፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረ። ነጅሚያ ሻርፗን አስተካከለች።

«ኑ እንግዲህ» አለ ይማም። «እርስዎም ይምጡ፣ ኮማንደር። ያሉትን ለእናቱም ይነግሩልኛል።»

አራቱም በአጥሩ ጥግ በኩል ታጥፈው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ወይዘሮ ሠናይት ከሩቅ አይተዋቸው ከምንጣፉ ላይ ተነሡ፣ አጠገባቸው የነበሩትን ሴቶችም ፈቀቅ በሉ አሏቸው።